አራት ተኩል ሜጋባይት

«ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይሄዳል» አሉ ኦቦ ደቻሳ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «አራተኛ ከሄደ ሽማግሌ አይባልም፤ ጎረቤት ነው።»

ሦስተኛችን ነበር። ቦታው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ ልቆጥረው ፈልጌ አይደለም፤ ቀኑ ሳይመሽ አሥራ ሦስት ጊዜ ስለወጣሁት ነው።

ኦቦ ደቻሳ የፊራኦል አጎት ናቸው። ሰፈሩ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከመባሉ በፊት እዚያው ጤፍ ያርሱ ነበር። ከኋላቸው አቶ ገብረሃንስ እየተንደፋደፉ ይወጣሉ፤ በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኛ ሆነው ያገለገሉ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ለአንድም ሰው ሙሉ በሙሉ ፈርደው የማያውቁ ሰው ናቸው። የመጣላቸውን ጉዳይ ሁሉ መሃሉ ላይ ይቆርጡታል። ሦስተኛው ሽማግሌ እኔ ተስፋማርያም ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሽበት የለኝም፣ ሚስት የለኝም፣ ከዘራ የለኝም። የተመረጥኩት ፊራኦል «ነገሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል» ስላለ ነው።

ነገሩ ቢትኮይን ነው።

የመጣነው ግን ናኦሚን ለፊራኦል ልንጠይቅ ነው። ናኦሚ ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ፊራኦል የጨጓራ መድኃኒት ሊገዛ እየተመላለሰ ነው የተዋወቁት፤ ጨጓራውን ያሳመመው የናኦሚ ታላቅ ወንድም እዝራ መሆኑን ያኔ ሁለቱም አላወቁም፤ ፊራኦል እነሱ ቤት ይገባ በነበረበት ዘመን እሷ ገና ልጅ ነበረችና አንዳቸውም ሌላውን አላስታወሱም። ከተዋደዱ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች የፈሩት ግን ሃይማኖቱን ነበር። የሱ ቤተሰብ ኦርቶዶክስ፣ የሷ ቤተሰብ ጴንጤ። ኦቦ ደቻሳ ለዚህ ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥቅስ ሲያጠኑ ከርመዋል። በመጀመሪያው ቀን ሊጀምሩ ሲሉ የናኦሚ እናት ወይዘሮ ዓለም «እሱን ልጆቹ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ እኔ ምን አግብቶኝ» አሉና ጥቅሱ ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ።

ከዚያ እዝራ ጉሮሮውን ጠረገ። አባታቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። እህቱን ከፍሎ ያስተማራት፣ ለምርቃት ያበቃት እሱ ነው። ናኦሚም «ያለ ወንድሜ ፈቃድ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላ ለፊራኦል ቁርጡን ነግራዋለች።

«እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ እዝራ። «በ2009 ስለ ብሎክ መጠን የተከራከረው ስህተት እንደነበር ይመን።»

ኦቦ ደቻሳ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጃችን ምን አድርጓል? ደም አለበት?»

«የለም፣ ኦቦ።»

«መሬት ገፍቷል?»

«የለም።»

«ሴት?»

«ኦቦ፣ የገጽ ስፋት ነው።»

ከዚያ ቆባቸውን አንስተው ተነሡ። የመጀመሪያው ቀን ሽምግልና በዚሁ አለቀ።

በሁለተኛው ቀን ታሪኩን እንዳስረዳ ተፈረደብኝ። የታሪክ ዲግሪ አለኝ፤ ዲግሪዬ ለሥራ የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው። ወይዘሮ ዓለም ለስላሳና ቆሎ አቀረቡ። እኔም ጀመርኩ።

«ቢትኮይን ማለት የጋራ መዝገብ ነው። ማን ለማን ስንት እንደላከ ይጻፍበታል። በየአሥር ደቂቃው አንድ ገጽ ይጨመርበታል፤ ያ ገጽ ነው ብሎክ የሚባለው።»

«መዝገቡ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

«የፈለገ ሁሉ ጋ። እዝራም ጋ አለ።» ከቴሌቪዥኑ ሥር እያንኮራፋ የሚሠራውን አሮጌ ላፕቶፕ አሳየኋቸው።

«ባለቤቱስ?»

«ባለቤት የለውም። የፈጠረው ሰው ስሙን ደብቆ ሠራው፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ድምፁ ጠፋ።»

«ኑዛዜ ሳይተው?»

«ሳይተው።»

«ያ ዋቃ» አሉ ኦቦ ደቻሳ። «ባለቤቱ ሳይናዘዝ የሄደ ርስት። ቀሪውን ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ።»

እንደተፈራው ቀሪውንም ነገርኳቸው። ሰውዬው ከመጥፋቱ በፊት የአንዱን ገጽ ስፋት አንድ ሜጋባይት ብሎ ወስኖ ነበር። ለጊዜው ነው ያሉ አሉ፤ ለዘለቄታው ነው ያሉም አሉ። ያኔ ገጹ ባዶ ስለነበረ ማንም አልተጣላም። ኋላ ሰው በዛ፤ ገጹ ሞላ፤ ማስጻፍ የፈለገ ሁሉ ወረፋ ያዘ፤ ከወረፋው ለመቅደምም ክፍያ መጨመር ጀመረ።

«ታዲያ ገጹን ማስፋት ነዋ» አሉ አቶ ገብረሃንስ፣ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ።

«ጋሼ፣ በዚህች ቃል ዓለም ሦስት ዓመት ተጣልቶባታል።»

እዝራ ወንበሩን ወደ ሽማግሌዎቹ ሳበ። ከዚህ በፊት አራት ጊዜ ሳይሆን አራት መቶ ጊዜ የተናገረው መሆኑ ያስታውቃል። «ጋሼ፣ ገጹ በሰፋ ቁጥር መዝገቡ ይወፍራል። ከወፈረ በዚህች ላፕቶፕ፣ በአራብሳ ኢንተርኔት፣ መብራት በሚሄድበት ቤት ልይዘው አልችልም። ያኔ የሚይዙት ትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ይሆናሉ። እነሱ ‹እንዲህ ተጽፏል› ሲሉ እኔ አሜን ማለት ነው። እኔ አሜን የምለው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። የሰውን ጽሑፍ ራሴ አያለሁ።»

ኦቦ ደቻሳ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ልጅ እውነቱን ነው። መንገዱ ጠበበ፣ መኪናው በዛ ተብሎ የኔ አጥር ሁለት ጊዜ ፈርሷል። መንገዱ ሲሰፋ መኪናውም አብሮ ሰፋ። አሁንም ጠባብ ነው፤ እኔ ግን አጥር የለኝም።»

በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው። «ኦቦ፣ እኛ የወንዱ ወገን ነን።»

«አውቃለሁ። እውነት ከሴቷ ወገን ሆነች፤ ምን ላድርግ?»

የቀረውን በጥድፊያ ጨረስኩት። በየካቲት 2008 ሆንግ ኮንግ ላይ፣ በግንቦት 2009 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ትልልቆቹ ድርጅቶች ተሰብስበው ተስማሙ፤ ፊርማ አኖሩ። ዕለት ዕለት የሚጠቀምበትን ተራ ሰው ግን የጠራው አልነበረም። ተራው ሰው ተናደደና የራሱን ቀን ቆረጠ፤ «ከሐምሌ 25 ጀምሮ አዲሱን ሕግ ያልደገፈ ገጽ በኔ ማሽን አያልፍም» አለ። ትልልቆቹም ቀኑ ሳይደርስ እጅ ሰጡ። ገጹ ይስፋ ባዮች ደግሞ በዚያው በሐምሌ 25 የመዝገቡን ግልባጭ ይዘው፣ ገጹን ስምንት ሜጋባይት አድርገው፣ ሌላ ገንዘብ መሥርተው ወጡ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ።

«ይኼ ሁሉ ሲሆን እዝራና ፊራኦል የት ነበሩ?» አሉ ወይዘሮ ዓለም። በሁለት ቀን ሽምግልና ውስጥ የተጠየቀ የመጀመሪያው ጥሩ ጥያቄ ይኼ ነው።

ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ነበሩ። አምስት ሆነን አንድ ማኪያቶ ለሁለት እየተካፈልን የጀመርነው የቴሌግራም ግሩፕ አርባ ሰው ደርሶ ነበር። አድሚኑ እዝራ ነው። እኔም አለሁበት፤ ስለ ቴክኖሎጂው ሳይሆን ስለ ማኪያቶው። ያ ጠብ ዓለምን ሲከፍል እኛንም ከፈለን። ሐምሌ 25 ቀን 2009 ረፋዱ ላይ እዝራ ፊራኦልን ከግሩፑ አስወጣው። ፊራኦል አሥራ ሰባት ሰው ይዞ የራሱን ግሩፕ ከፈተ። በ2011 የሱ ወገን እንደገና ተሰነጠቀ፤ ትልቅ ገጽ ይበልጥ ትልቅ ይሁን ያሉት ደግሞ ሄዱ፤ ሌላውም ሰለቸው። እዝራ ሳቀ። ዘንድሮ የእዝራም ተራ ደረሰ፤ ገጹ ላይ ሥዕልና ልዩ ልዩ ኮተት ይጫን ወይስ አይጫን በሚል ተጨቃጭቀው ሁሉም ጥለውት ሄዱ። ዛሬ በእዝራ ግሩፕ ውስጥ እዝራና እኔ አለን። በፊራኦል ግሩፕ ውስጥ ፊራኦልና እኔ አለን። እኔ ሁለቱንም ድምፃቸውን ዘግቼ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ። የጤንነቴ ምስጢር ይኼ ነው ብዬ አምን ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛው ቀን ደረሰ።

ፊራኦል ቪትዙን ግቢው ውስጥ አቁሞ ከታች ይጠብቃል። ጠያቂው ራሱ በሽምግልና ቀን ቤት አይገባም፤ ደንብ ነው። ስልክ እንዳይደዋወሉ ደግሞ እሱና እዝራ እርስ በርስ ተዘጋግተዋል። እኔ ልደውል ስል አቶ ገብረሃንስ «የሽምግልና ቃል በስልክ አይላክም» አሉ። ስለዚህ ከላይ የተባለውን ወደ ታች፣ ከታች የተባለውን ወደ ላይ የሚያደርስ እግር ያስፈልጋል። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ጉልበቱ የማያመው እኔ ብቻ ነኝ።

አቶ ገብረሃንስ አሥራ አንድ ነጥብ ያለው ቃለ ጉባኤ አዘጋጅተው መጥተዋል፤ በእጅ ተጽፎ፣ በሁለት ቅጂ። ሦስተኛው ነጥብ እንዲህ ይላል፦ «አንዱ ወገን አንድ፣ ሌላው ወገን ስምንት በማለታቸው፣ ለሰላም ሲባል የብሎኩ መጠን አራት ተኩል ሜጋባይት እንዲሆን ሁለቱም ወገኖች ተስማምተዋል።»

«ጋሼ» አለ እዝራ፣ በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ፤ «እኔና ፊራኦል ስለተስማማን እኮ ቢትኮይን አይቀየርም።»

«ቢትኮይን ማን ጠየቀው? እዚህ ቤት ውስጥ እንዲጸና ነው።»

«እዚህ ቤት ውስጥ ብሎክ የለም።»

«ካልኖረማ ለምን አራት ተኩል አይሆንም?»

እዝራ እጁን ከፊቱ አነሣ። «ለፊራኦል ንገረው» አለኝ፣ «አራት ተኩልን የምቀበለው መጀመሪያ ስምንቱ ስህተት ነበር ካለ ነው።»

ወረድኩ። ፊራኦል በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አውጥቶ ተቀምጧል፤ ያዘጋጀው ሙሉ ልብስ በላብ ተጨማድዷል።

«ምን አለ?»

ነገርኩት።

«በታኅሣሥ 2010 ሠላሳ ዶላር ነበረኝ በለው። የሠራሁበት። ላንቀሳቅሰው ስል ክፍያው ሠላሳ አምስት ነበር። የራሴን ገንዘብ ለማውጣት አምስት ዶላር ልበደር? ይኼንን ጠይቅልኝ።»

ወጣሁ። እዝራ «ለዚህማ ሁለተኛ መንገድ ተሠርቶለታል፤ ጥቃቅኑ ሂሳብ ከመዝገቡ ውጪ ይጨረሳል በለው» አለ። ወረድኩ። ፊራኦል «ያ መንገድ ይሠራል ከተባለ ስንት ዓመቱ ነው በለው» አለ። ወጣሁ። እንዲህ ስንባባል ለአንድ መልእክት ደርሶ መልስ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስድብኛል። ማሽኑም በአሥር ደቂቃ አንድ ገጽ ነው የሚጽፈው፤ እሱስ ቢያንስ ይከፈለዋል።

በስድስተኛው ዙር ፊራኦል አዘነልኝ። «ተስፍሽ፣ ለምን አንድ አንድ ትይዛለህ? አምስቱን ነጥብ በአንዴ ይዘህ ውጣ።»

ያዝኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁለቱ ጠፉኝ። አራተኛው ላይ ስደርስ አንዱ ከሌላው ጋር ተጋብቶ «እዝራ በላፕቶፑ ሠላሳ ዶላር ወሰደብኝ» የሚል ሆኖ ወጣ። እዝራ ከወንበሩ ተነሣ። ኦቦ ደቻሳ እጁን ይዘው አስቀመጡት። ቃሉን ለማስተካከል ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ።

«አየህ?» አለኝ እዝራ፣ ውሃ እየሰጠኝ። «አንድ አንድ የምለው ለዚህ ነው።»

ከታች ደግሞ ፊራኦል «አንተ አቅም አጣህ እንጂ ሐሳቡ ልክ ነው» አለኝ። የዚያን ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ከረጢት ከትቼ ወደ ወንዝ መጣል ፈለግሁ። ምሁር ናቸው ሁለቱም። ዲግሪያቸው በማዕረግ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናኦሚ ከሥራ መጣች፤ ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ አጥፋ። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ጫማዬን አውልቄ ተቀምጬ አገኘችኝ።

«ተስፍሽ፣ ዛሬ ያልቃል አላላችሁኝም?»

«እያለቀ ነው። ሦስተኛው ነጥብ ላይ ነን።»

«ከስንት?»

«ከአሥራ አንድ።»

እጇን ዘረጋች። አንዱን ቅጂ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ ሥራዋ ስለሆነ የአቶ ገብረሃንስ እጅ ጽሑፍ አልከበዳትም። ጨርሳ ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው።

«የኔ ስም የቱ ጋ ነው?»

«‹ሁለቱም ወገኖች› ይላል እኮ። እዚያ ውስጥ አለሽ።»

ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት እንደያዘ ሰው አየችኝ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እራት ላይ አንድ ታሪክ ስሰማ ነው የኖርኩት። ትልልቆቹ ተሰብስበው ይፈራረማሉ፤ የሚኖርበት ሰው አይጠየቅም። ወንድሜ ይኼን ሲያወራ እንባው ሊመጣ ይደርሳል። በየዓመቱ ሐምሌ 25 ኬክ ይገዛል፣ ተስፍሽ። የኔን ልደት ረስቶ ያውቃል፤ ሐምሌ 25ን ረስቶ አያውቅም።»

ወረቀቱን አጥፋ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ወደ ታች ወረደች። እኔም ጫማዬን በእጄ ይዤ ተከተልኳት። የቪትዙን በር ከፈተች።

«ውጣ።»

«ናኦሚዬ፣ ደንቡ እኮ ዛሬ እኔ—»

«ውጣ፣ ፊራ።»

ወጣ። ሰባ ሁለቱን ደረጃ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ እኔ ባዶ እግሬን መጨረሻ ሆነን ወጣነው። ስንገባ አቶ ገብረሃንስ አራተኛውን ነጥብ ጮክ ብለው እያነበቡ ነበር። አቆሙ። እዝራ ብድግ አለ።

«ይኼን ማን አስገባው?»

«እኔ» አለች ናኦሚ። «እዝራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ በሐምሌ ተራው ሰው ቀን ሲቆርጥ ማን ፈቀደለት?»

«ማንም አልፈቀደለትም። ራሱ ነው የቆ...» ቃሉን መሃል ላይ ሊይዘው ሞከረ፤ ግን ወጥቷል።

«ጥሩ። እኔም ቆርጫለሁ። ሠርጌ ቅዳሜ ሐምሌ 25 ነው። የመጣ ይመጣል።»

«በክረምት?» አሉ አቶ ገብረሃንስ።

«በክረምት።»

እዝራ ተቀመጠ። ክርክር እየፈለገ መሰለኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመው ክርክር ሁሉ ግን የሷ ወገን ሆኖ ተገኘ። ኦቦ ደቻሳ በጢማቸው ውስጥ ሲስቁ አየኋቸው። አለቀ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

አላለቀም። እዝራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«የብሎኩን ነገር ተይው። ሂጂ፤ አልከለክልሽም። እኔ የማልረሳው ሌላ ነው። አባዬ ሲሞት ድንኳኑ በር ላይ ሦስት ቀን ቆሜአለሁ። የተጣላኝ ሁሉ መጣ። ‹ውሃ አፈሰስክብኝ› ብሎ የከሰሰኝ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ እንኳ መጥቶ እንጀራ አዞረ። እሱ አልመጣም። ከአባዬ ጋር ገበታ የቀረበ ሰው፣ በገጽ ስፋት ተኳርፎ ለቅሶ ቀረ።»

ስህተቱን ይመን ሲል የከረመው ለካ ይኼን ነው። መናገር አቅቶት ሜጋባይት ቆጥሮብናል።

ፊራኦል ፊቱ ተለዋወጠ። «መርዶውን የት ነገራችሁ?»

«የት ይነገራል? ሁሉም ጓደኛ ያለው ግሩፑ ላይ ነው። እዚያ ጻፍኩት።»

«የትኛው ግሩፕ ላይ?»

እዝራ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። ዓመቱን ሲያሰላ አየሁት። አባቱ ያረፉት በሰኔ 2011 ነው። ፊራኦልን ከግሩፑ በገዛ ጣቱ ያስወጣው በሐምሌ 2009።

«የሰማሁት በሁለተኛው ወር ነው» አለ ፊራኦል። «ታክሲ ውስጥ፣ ከሌላ ሰው። አውጥቶ ከጣለኝ ሰው ቤት፣ ሁለት ወር አርፍጄ፣ ምን ብዬ ልምጣ? እንዳልሰማ የፈለክ መሰለኝ።»

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?» አለች ናኦሚ።

«የዚያን ዘመን ነገር በመሃላችን እንዳይነሣ ብለሽ አስምለሽኝ የለ?»

ናኦሚ ጋዋኗን አቅፋ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ እዝራ ወደ እኔ ዞረ። መዞሩ እንደማይቀር አውቄዋለሁ። «አንተ ሁለቱም ጋ ነበርክ። ነግረኸው አይደል?»

አልነገርኩትም። ወይዘሮ ዓለም ራሳቸው ስለደወሉልኝ ለቅሶው ላይ ነበርኩ፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ በዓይኔ ፊራኦልን ፈልጌ «ሰው እንዲህ ይጨክናል?» ብዬ በልቤ ፈርጄበታለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ጥሪ ነው። ያውቃል ብዬ ተውኩት፤ ሁለቱንም ግሩፕ ዘግቼ ስለኖርኩ የት እንደተጻፈ፣ ማን እንዳላየው ነገሬ ብዬ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰባ ሁለት ደረጃ ስወጣና ስወርድ የሁለቱን ሞኝነት እየቆጠርኩ ነበር፤ የራሴን አልቆጠርኩም።

«ያውቃል ብዬ ነው» አልኩ።

ወይዘሮ ዓለም እስካሁን ከጥጉ አልተንቀሳቀሱም ነበር። ነጠላቸውን አውልቀው አዘቅዝቀው ለበሱ።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉት ፊራኦልን።

ከባለቤታቸው ፎቶግራፍ ሥር ባለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ኦቦ ደቻሳ ቆባቸውን አወለቁ። አቶ ገብረሃንስ ቃለ ጉባኤያቸውን አጣጥፈው ከጭናቸው ሥር አደረጉት። ማንም ማንንም ሳያዝ ለቅሶ ቤት ሆነ። ለቅሶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ እኛ ዘንድ ሰባት ዓመት ዘግይቶ የመጣም ይቀመጣል። ዝም ብለን ተቀመጥን። ከቴሌቪዥኑ ሥር ላፕቶፑ ብቻ ያንኮራፋል። አሥር ደቂቃ ያህል ይመስለኛል።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ ፊራኦል በመጨረሻ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ዓለም። «ያንተን ስም ያነሣ ነበር። ‹ያ በሳቁ ቤቱን የሚሞላው ልጅ የት ገባ?› ይለኝ ነበር።»

እዝራ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ውሃ ሲቀዳ ሰማን፤ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ በእጁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዟል፤ ለፊራኦል ሰጠው። ፊራኦል ብድግ ብሎ ተቀበለው።

ወይዘሮ ዓለም ነጠላቸውን አስተካክለው እንደገና ለበሱ። «በሉ እንግዲህ። የመጣችሁበትን ነገር ተናገሩ።»

ኦቦ ደቻሳ ቆባቸውን መልሰው አደረጉና እንደ አዲስ ቆሙ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ቃል ያልተናገሩ ይመስል። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። ሁለት ሳምንት ካጠኑት ሰባት ጥቅስ ሁለቱን አስገቡበት። የሚገባቸው ነበር።

«እሺ» አለ እዝራ። ቀጠለና፣ «የስምንቱ ሜጋባይት ነገር ግን አሁንም—»

«እዝራ» አለች ናኦሚ።

«እሺ አልኩ እኮ።»

ተመራረቅን፤ ዳቦ ተቆረሰ። ገና ጉርሻው ሳይወርድ የአዳራሹ ነገር ተነሣ። እዝራ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅበት ትንሽ ሠርግ ይሁን አለ፤ መቶ ሰው። ፊራኦል ዘመድ በር ላይ ተሰልፎ አይመለስም አለ፤ ስምንት መቶ። እዝራ መቶ ሰው በዓይን ቆጥሮ ማጣራት ይቻላል አለ፤ ስምንት መቶ የሞላ ግን ማን እንደገባ ማን ያጣራል? ፊራኦል «ጠባብ አድርገህ ለመግቢያ ልታስከፍል ነው?» አለ። ድምፃቸው ከፍ ማለት ጀመረ፤ ነገር ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው፣ ከአንድ ሳህን እየቆረሱ።

አቶ ገብረሃንስ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «አራት መቶ ሃምሳ» አሉ።

እኔ ተነሣሁና ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። እዝራ አዲስ ግሩፕ ከፍቷል፤ ስሙ «ሐምሌ 25»። ፊራኦልን አስገብቶታል፤ አድሚንም አድርጎታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ አሥራ አራት መልእክት ገብቷል፤ ሁሉም ስለ ወንበር ብዛት። አንደኛው ላይ ሠላሳ አንድ። አውራ ጣቴ የለመደውን ሊያደርግ ወደ ድምፅ መዝጊያው ሄደ።

ከዚያ ጣቴን አንሥቼ ስልኩን ሳልዘጋው ኪሴ ከተትኩት። እስከ ግቢው በር ድረስ ጭኔ ላይ ሲነዝረኝ ነበር። ታክሲ ውስጥም ነዘረኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ወንድም፣ አንሣው እንጂ፤ ሰው ይፈልግሃል» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ እናቴ» አልኳት፤ ከፍቼም ማንበብ ጀመርኩ።